ሌላው የጣለውን አውሮፕላን ያነገሠ ስኳድሮን

ጁን 4 ቀን 1942 ነው። ቦታው ፓስፊክ ውቅያኖስ መሃል ያለችው ሚድዌይ ደሴት። የአሜሪካ ማሪን አብራሪዎች በማለዳ ተነስተው የመጡባቸውን የጃፓን ባሕር ኃይል አውሮፕላኖች ገጠሙ። አብዛኞቹ የያዙት ብሩስተር የሚባል አጭርና ወፍራም ተዋጊ አውሮፕላን ነበር። በዚያች ማለዳ 13 ብሩስተሮች ጠፉ። ከዚያ ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ እንግሊዞችም በሲንጋፖርና በበርማ ሰማይ ላይ በዚሁ አውሮፕላን ክፉኛ ተጎድተዋል። "የሚበር የሬሳ ሣጥን" የሚል ስምም ወጣለት።

በዚያው ሰሞን ፊንላንድ ውስጥ ያሉ አብራሪዎች ይህንኑ አውሮፕላን "የሰማይ ዕንቁ" እያሉ ያቆላምጡት ነበር። 24ኛው የፊንላንድ ስኳድሮን (የተዋጊ አውሮፕላኖች ክፍል) በብሩስተር ብቻ 459 የሶቪየት አውሮፕላኖችን መጣሉን መዝግቧል። በአየር ውጊያ ያጣቸው ብሩስተሮች ደግሞ 15 ናቸው።

አንድ ዓይነት አውሮፕላን እዚያ ሬሳ ሣጥን፣ እዚህ ዕንቁ። እንዴት? ይህ ጽሑፍ የሚከታተለው ይህንን ጥያቄ ነው። (ቀኖቹና ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ነገሩ የሚጀምረው ብሩስተር ፊንላንድ ከመድረሱ በፊት ነው። በ1930ዎቹ የብዙ አገሮች ተዋጊ አብራሪዎች ሦስት ሦስት ሆነው፣ ክንፍ ለክንፍ ተጠጋግተው ነበር የሚበሩት። ለሰልፍ ትርኢት ያምራል። ለውጊያ ግን ጣጣ ነው። ዳርና ዳር ያሉት ሁለቱ አብራሪዎች ከመሪያቸው ጋር እንዳይጋጩ ዓይናቸውን ከእሱ ላይ አይነቅሉም። ከኋላ የሚመጣውን ጠላት ማን ይይ?

በዚያን ጊዜ የ24ኛው ስኳድሮን አዛዥ የነበረው ሪቻርድ ሎሬንትስ በ1930ዎቹ አጋማሽ ላይ ሌላ ነገር ሞከረ። ሁለት አውሮፕላኖች ሰፋ ብለው ጎን ለጎን ይበራሉ፤ አንዱ የሌላውን ጀርባ ይጠብቃል። ሁለት ጥንድ ሲገጣጠም አራት ይሆናል። ፊንላንድ ድሃና ትንሽ አገር ነበረች፣ አውሮፕላኖቿም በጣት የሚቆጠሩ። ትልቅ ሰልፍ የሚሞላ ቁጥር ስለሌላት ጥንዱ ተመቻት። ጀርመኖች ወደዚሁ አሠራር የደረሱት በስፔን የእርስ በርስ ጦርነት ሰማይ ላይ ነው። እንግሊዞች ግን በ1940 ከጀርመን ጋር ሲፋለሙ እንኳ ገና በሦስት ሦስት የሚበሩ ስኳድሮኖች ነበሯቸው፤ ዋጋም አስከፍሏቸዋል።

በ1938 መጨረሻ ሻምበል ጉስታፍ ኤሪክ ማግኑሶን ስኳድሮኑን ተረከበ። ሰውዬው ፈረንሳይም ጀርመንም ሄዶ የእነሱን ተዋጊ ክፍሎች አሠራር አይቷል። አይቶ የተመለሰው ግን ለመቅዳት አልነበረም፤ የሚጠቅመውን መርጦ ይዞ ነው የመጣው። ከሁሉ በላይ የያዘው ነገር ተኩስ ነው። ከሩቅ ጥይት መርጨት አይቻልም፤ ጥይቱም የለም። ስለዚህ አብራሪው እስከ 50 ሜትር ድረስ ተጠግቶ፣ አጭር ተኩስ ተኩሶ፣ ዞር እንዲል ተለማመደ። ሁለተኛው ሕግ ደግሞ የጠላት ቁጥር ምንም ያህል ቢሆን አጥቃ የሚል ነበር። ይህ በወረቀት ላይ ፉከራ ይመስላል። ጥንድ ሆኖ ለሚበር፣ በተኩሱም ለሚተማመን ሰው ግን ሊፈጸም የሚችል ትእዛዝ ነው።

ኖቬምበር 30 ቀን 1939 ሶቪየት ኅብረት ፊንላንድን ወረረች፤ ሄልሲንኪ በቦምብ ተመታች። የክረምቱ ጦርነት ተጀመረ። 24ኛው ስኳድሮን ያኔ የሰፈረው በደቡብ ምሥራቅ ፊንላንድ፣ ኢሞላ በሚባል የአየር ጣቢያ ነው። የያዘው ደግሞ ፎከር የሚባል፣ ንድፉ የሆላንድ የሆነ አውሮፕላን ነው። ጥቂቶቹ ከሆላንድ ተገዝተው፣ የቀሩት ታምፔሬ ከተማ ባለው የመንግሥት ፋብሪካ በፈቃድ የተሠሩ ነበሩ። የፎከር ጎማ ወደ ውስጥ አይታጠፍም። አራት ቀላል መትረየስ ብቻ ነው የታጠቀው። በ1939 መመዘኛ እንኳ ወደ ኋላ የቀረ ነበር። የማይታጠፈው እግሩ አንድ ጥቅም ነበረው፤ በጎማው ፋንታ የበረዶ መንሸራተቻ ይገጠምለትና ከቀዘቀዘ ሐይቅ ላይ ይነሳል።

ማግኑሶን ለአብራሪዎቹ የሰጠው ትእዛዝ ግልጽ ነበር፦ ከጠላት ተዋጊዎች ጋር እሽክርክሪት አትግቡ፣ ቦምብ ጣዮቹን ፈልጉ። የሶቪየት ቦምብ ጣዮች በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ብዙ ጊዜ ያለ አጃቢ ነበር የሚመጡት። የነዳጅ ታንካቸውም ጥይት ሲበሳው ራሱን የሚደፍን ዓይነት ስላልነበረ በቀላሉ በእሳት ይያያዙ ነበር።

ጃንዋሪ 6 ቀን 1940 የሆነው የዚህ ሁሉ ማሳያ ነው። ኩኦፒዮ ከተማን ደብድበው ወደ ደቡብ የሚመለሱ ቦምብ ጣዮች በኡቲ አቅራቢያ ያልፉ ነበር። የመቶ አለቃ ዮርማ ሳርቫንቶ ብቻውን ከኋላ ደረሰባቸው። ጠጋ፣ ተኩስ፣ ቀጥሎ ወዳለው። በአራት ደቂቃ ውስጥ ስድስት ቦምብ ጣዮች እየነደዱ ወረዱ። የቀረውን ሲያሳድድ ጥይት አለቀበት። ስድስት አውሮፕላን፣ አራት ደቂቃ፣ አራት ቀላል መትረየስ፤ ያውም ቦምብ ጣዮቹ ከኋላ ተኳሾቻቸው ጋር እየተኮሱበት። ወሬው በዓለም ጋዜጦች ላይ ወጣ። ጋዜጦቹ ስለ ጀግንነት ነው የጻፉት፤ እሱም አልጠፋም። እኔ ግን ሳነበው የሚታየኝ የተኩስ ልምምዱ ነው። የአራት መትረየስ ጥይት ለስድስት አውሮፕላን የሚበቃው ሳይባክን ሲቀር ብቻ ነው።

ጦርነቱ ማርች 13 ቀን 1940 ሲቆም ፊንላንድ መሬት አጥታለች፤ ነጻነቷን ግን ይዛለች። በመጨረሻዎቹ ቀናት የስኳድሮኑ አውሮፕላኖች በቀዘቀዘው የቪፑሪ ባሕር ላይ የሚሻገረውን የሶቪየት እግረኛ ጦር ከላይ እየተኮሱ ነበር። ስኳድሮኑ በዚያ ክረምት ከ100 በላይ ግዳይ ቆጥሯል።

አሁን ወደ ብሩስተር እንምጣ። ፊንላንድ በዲሴምበር 1939፣ ጭንቅ ላይ ሆና፣ ከአሜሪካ 44 ብሩስተሮች አዘዘች። አውሮፕላኖቹ ለአሜሪካ ባሕር ኃይል የተሠሩ ናቸው። ከመርከብ ላይ ለመነሳትና ለማረፍ የሚያስፈልጋቸው ዕቃ ተነቀለላቸው፣ በመርከብ ኖርዌይ ደረሱ፣ ከዚያ ስዊድን ውስጥ ትሮልሄታን በሚባል ከተማ ተገጣጠሙ። ጦርነቱ ሲያልቅ ፊንላንድ የደረሱት ጥቂቶች ናቸው፤ አንዱም አልተዋጋም። በሰላሙ ጊዜ 24ኛው ስኳድሮን ተረከባቸው።

እዚህ ላይ የመጀመሪያው የእንቆቅልሹ ቁራጭ አለ። ሚድዌይ ላይ የወደቀው ብሩስተር እና ፊንላንድ የደረሰው ብሩስተር ስማቸው አንድ ነው እንጂ አንድ አይደሉም። የፊንላንዱ የመጀመሪያውና ቀላሉ ሞዴል ነው። አሜሪካኖች ከዚያ በኋላ በነዳጅ፣ በብረት ልብስና በሌላ ዕቃ እያከበዱት ሄዱ፤ እንግሊዞች የገዙትም ከባድ ነበር። በዚያ ላይ የእንግሊዞቹ በሐሩር አገር ሙቀት ውስጥ ነው የሚበሩት፤ ሞተራቸው ይግላል። የፊንላንድ ቅዝቃዜ ለዚያ ሞተር ተስማሚ ነበር።

ሆኖም ፊንላንዶችም ከሞተሩ ጋር ችግር ነበረባቸው። ዘይቱ አስቸገራቸው። መካኒኮቹ ፈታትተው አጠኑትና በየሲሊንደሩ ውስጥ ካሉት የፒስተን ሪንጎች አንዱን ገልብጠው ገጠሙት። ሠራ! ከፋብሪካ መመሪያ ውጪ የሆነ፣ ጋራዥ ውስጥ የሚወለድ ዓይነት መላ ነው። ለአብራሪው የብረት መከላከያ ያለው ወንበር ጨመሩ፣ የራሳቸውን የማነጣጠሪያ መሣሪያ ገጠሙ፣ ቀላሉን መትረየስ አውጥተው ሁሉንም በከባድ መትረየስ ተኩ። መለዋወጫ ከአሜሪካ መምጣቱ ሲቆም ደግሞ ከሶቪየት የተማረከ ሞተር ገጠሙበት። ይህ እንዲሁ የሆነ አይደለም፤ የሶቪየቱ ሞተር ዘሩ ሲቆጠር የብሩስተር ሞተር ከሆነው ከአሜሪካው ራይት ሳይክሎን የመጣ ነው። የአውሮፕላን ውጊያ ታሪክ የሚጽፉ ሰዎች ለመካኒክ ብዙ ቦታ አይሰጡም። 44 አውሮፕላን ምትክ ሳይኖረው ዓመታት የተዋጋው ግን በእነሱ እጅ ነው።

ጁን 25 ቀን 1941 ሶቪየቶች የፊንላንድን ከተሞችና የአየር ጣቢያዎች ደበደቡ። ሁለተኛው ጦርነት፣ ፊንላንዶች ቀጣዩ ጦርነት የሚሉት፣ ተጀመረ። ብሩስተሮቹ በዚያው ቀን የመጀመሪያ ግዳያቸውን ጣሉ። ኤሮ ኪኑነን የተባለ አብራሪ ብቻውን አራት ተኩል ተቆጠረለት። ግማሹ ከጓደኛ ጋር የተጋራው ነው፤ ፊንላንዶች ሁለት ሰው አብሮ የጣለውን ለሁለት ይከፍሉታል።

ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት ያህል ስኳድሮኑ የበላይነቱን ይዞ ቆየ። ስማቸው ከሁሉ የሚነሳው ኢልማሪ ዩቲላይነን እና ሃንስ ቪንድ ናቸው። ዩቲላይነን የበታች ሹም ነበር። በጦርነቱ መጨረሻ 94 ግዳይ ተቆጥሮለት የፊንላንድ ቀዳሚ አብራሪ ሆኗል። አገሪቱ የምትሰጠውን ትልቁን ሽልማት፣ የማነርሃይም መስቀልን፣ ሁለቴ ወስዷል። ከነዚህ ግዳዮች 28ቱን የጣለው ቁጥሩ 364 በሆነ አንድ ብሩስተር ላይ ተቀምጦ ነው። ያው አንድ አውሮፕላን፣ ሌሎች አብራሪዎች የጣሉበት ሲደመር፣ 42 ተኩል ግዳይ አለው።

ቪንድ ሌላ ዓይነት ሰው ነው። 75 ግዳይ አለው፣ 39ኙ በብሩስተር። እኔን የሚስበኝ ግን ሌላ ሥራው ነው። በ1943 ስለ አየር ውጊያ ስልት ትምህርት አዘጋጀ፤ ጽሑፉ ከጦርነቱ በኋላም ለረጅም ዓመታት አዳዲስ አብራሪዎችን አስተምሯል። ከፍታ ያዝ፣ አይተህ ግባ፣ ተጠግተህ ተኩስ፣ ፍጥነትህን ይዘህ ውጣ። ሎሬንትስና ማግኑሶን በሰላም ጊዜ የጀመሩት ነገር በእሱ እጅ የተጻፈ ትምህርት ሆነ። ብሩስተር ከብዙ የሶቪየት ተዋጊዎች ጋር ሲተያይ በፍጥነት አይበልጥም። ከላይ የመጣ ሰው ግን ፍጥነትን ከከፍታው ያገኛል።

ስለ ማስጠንቀቂያውም መባል አለበት። ሎታ ስቫርድ በሚባለው የበጎ ፈቃደኛ ሴቶች ማኅበር ውስጥ የታቀፉ ሴቶች በየማማው ላይ ቆመው ሰማዩን ይጠብቁ ነበር፤ አውሮፕላን ሲያዩ ወይም ሲሰሙ በስልክ ያስተላልፋሉ። ጥቂት አውሮፕላን ያለው ስኳድሮን ቀኑን ሙሉ አየር ላይ ሆኖ መጠበቅ አይችልም። መቼና የት እንደሚነሳ የሚነግረው ሰው ያስፈልገዋል።

እስካሁን ያልኩት ሁሉ ፊንላንዶችን የሚያሞግስ ነው። አድናቂዎቻቸው አብዛኛውን ጊዜ እዚህ ያቆማሉ። ሁለት ነገር ግን ይቀራል።

አንደኛው ተጋጣሚው ነው። ስታሊን በ1937 እና 1938 የጦር መኮንኖቹን ጠራርጎ አጥፍቷል፤ አየር ኃይሉም አልተረፈም። በ1941 ሁለተኛ አጋማሽ ደግሞ ጀርመኖች በሺህ የሚቆጠሩ አውሮፕላኖቹን አወደሙበት። ምርጡ ከጀርመን ጋር ወደሚዋጋበት ግንባር ሲሄድ፣ ለፊንላንድ ግንባር ብዙ ጊዜ የደረሰው አሮጌ ተዋጊና በጥድፊያ የሠለጠነ አብራሪ ነበር። ሚድዌይ ላይ የነበሩት አሜሪካኖች የገጠሙት ግን በዓለም ካሉት ምርጥ ከሚባሉት አንዱን፣ የጃፓን ባሕር ኃይል አብራሪዎችን ነው። ይህን ልዩነት ሳይቆጥሩ ብሩስተርን ከብሩስተር ማወዳደር አያስኬድም።

ሁለተኛው ቁጥሩ ነው። በክረምቱ ጦርነት ብዙዎቹ ቦምብ ጣዮች የወደቁት ፊንላንድ መሬት ላይ ስለሆነ ስብርባሪውን ሄዶ መቁጠር ይቻል ነበር። ከ1941 በኋላ ውጊያው በአብዛኛው በጠላት መሬትና በባሕር ላይ ነው። ሶቪየት ፈርሳ መዛግብቷ ሲከፈት፣ ተመራማሪዎች የፊንላንድን ግዳይ ከሶቪየት ጉዳት ጋር አስተያዩ። በብዙ ውጊያዎች ላይ የተቆጠረው ከጠፋው በልጦ ተገኘ። ይህ የፊንላንዶች ብቻ ችግር አይደለም። ጭስ እየተፋ ደመና ውስጥ የገባ አውሮፕላን ወደቀ ተብሎ የሚቆጠረው በሁሉም ወገን ነው፤ ሁለት ሰው አንዱን አውሮፕላን ተኩሶ ሁለቱም "እኔ ጣልኩት" ይላል። 459ኙን በግማሽ ብንቆርጠው እንኳ ከ15 ጋር ሲተያይ ብዙ ነው። ግን ስንት ለአንድ እንደጣሉ እየቆጠሩ በየቦታው የሚለጥፉትን ሒሳብ እኔ አላምነውም።

አንድ ሌላ ጉዳይም አለ፤ ፎቶዎቹን ያየ ሰው ሁሉ ይጠይቃል። በነዚህ አውሮፕላኖች ክንፍ ላይ ሰማያዊ ስዋስቲካ አለ። የናዚ ነው? አይደለም፤ ከናዚዎች ይቀድማል። በ1918 ኤሪክ ፎን ሮዘን የሚባል ስዊድናዊ ባላባት ለፊንላንድ አንድ አውሮፕላን ሲሰጥ፣ የእድል ምልክቴ የሚለውን ሰማያዊ ስዋስቲካ ቀብቶበት ነበር። የፊንላንድ አየር ኃይል ያንን ምልክት በአውሮፕላኖቹ ላይ እስከ 1945 ይዞት ቆየ። በእርግጥ ፊንላንድ ከ1941 ጀምሮ ከጀርመን ጎን ተሰልፋ ነው የተዋጋችው፤ ምልክቱ ቢቀድምም ሰልፉ አይካድም።

ፎን ሮዘን የሚለው ስም ለኛ አገር ሰው እንግዳ አይደለም። የዚያ ባላባት ልጅ ካርል ጉስታፍ ፎን ሮዘን በጣሊያን ወረራ ጊዜ ለስዊድን ቀይ መስቀል የቁስለኛ አውሮፕላን ያበረረ ሰው ነው። ከኢትዮጵያ ቀጥሎ በክረምቱ ጦርነት ለፊንላንድ በፈቃደኝነት በረረ፤ ዳግላስ የሚባል የመንገደኛ አውሮፕላን ወደ ቦምብ ጣይ ተለውጦ እሱ ይዞት ዘምቷል። ከዓለም ጦርነቱ በኋላ ተመልሶ መጥቶ የንጉሠ ነገሥቱን አየር ኃይል በቢሾፍቱ ያቋቋመውና ለአሥር ዓመት ያህል የመራው እሱ ነው። በ1977 በኦጋዴን ጦርነት ጎዴ ላይ ተገደለ። ከ24ኛው ስኳድሮን ጋር አልበረረም። ያንን ክረምት ግን በዚያው ሰማይ ላይ አሳልፏል።

ወደ ስኳድሮኑ እንመለስ። ከ1943 ጀምሮ ነገሩ ተለወጠ። የሶቪየቶቹ ላቮችኪን 5 እና አዳዲሶቹ ያክ ተዋጊዎች ሲመጡ ብሩስተር ትንፋሽ አጠረው። የሶቪየት አብራሪውም ተምሯል፤ እሱም በጥንድ ይበር ጀመር። በዚሁ ዓመት ማግኑሶን ወደ ሬጅመንት አዛዥነት ከፍ ሲል፣ ዮርማ ካርሁነን ስኳድሮኑን ተረከበ። በ1944 ጸደይ ብሩስተሮቹ ለ26ኛው ስኳድሮን ተላልፈው 24ኛው የጀርመኑን ሜሰርሽሚት 109 ያዘ። ፊንላንዶች ሜርሱ ይሉታል።

ልውውጡ በሰዓቱ ነበር። በጁን 1944 ሶቪየቶች በካሬልያ ልሳነ ምድር ከባድ ማጥቃት ከፈቱ። ስኳድሮኑ ከሱላያርቪ ጣቢያው ወደ ላፔንራንታ አፈገፈገና ከዚያ ሆኖ በቀን ደጋግሞ ይነሳ ጀመር። ቪንድ በሁለት ሳምንት ገደማ ውስጥ 30 የሚጠጋ ግዳይ ጣለ፤ ጁን 28 ቀን ክፉኛ ቆስሎ አውሮፕላኑን እንደምንም አሳረፈ፣ ዳግመኛ ወደ ውጊያ አልተመለሰም። ላውሪ ኒሲነን፣ ከ30 በላይ ግዳይ ያለው የበረራ ምድብ መሪ፣ ጁን 17 ቀን ሞተ። የገደለው የጠላት ጥይት አልነበረም። የራሱ ጓድ ኡርሆ ሳርያሞ ተመትቶ ሲወድቅ አውሮፕላኑ ከላይ መጥቶ ከኒሲነን አውሮፕላን ጋር ተላተመ። ሁለቱም አብረው ሞቱ። ያን ሁሉ የበረራ ዘዴ የተማረ ሰው እንዲህ ያለውን ነገር በምን ይከላከለዋል?

ግንባሩ በጁላይ ላይ ተረጋጋ። ሴፕቴምበር 4 ቀን 1944 ተኩስ ቆመ። የሰላሙ ውል ፊንላንድ ጀርመኖችን ከሰሜን እንድታስወጣ ስላስገደደ፣ ያረጁት ብሩስተሮች ኦክቶበር 3 ቀን ስቱካ የሚባሉ የጀርመን ቦምብ ጣዮችን ጣሉ። ከሦስት ዓመት በላይ ሶቪየትን የተዋጋ አውሮፕላን የመጨረሻ ግዳዩ ጀርመናዊ ሆነ። 24ኛው ስኳድሮን ራሱ በዲሴምበር 1944 ስሙ ተለውጦ 31ኛው ተባለ፤ በዚያው ስም እስከ ዛሬ አለ፣ ጣቢያውም ኩኦፒዮ አጠገብ ሪሳላ ላይ ነው። ብሩስተሮቹ እስከ 1948 በረው ከዚያ በኋላ ለቁራጭ ብረት ሄዱ።

አንዱ ግን ተርፏል። ጁን 25 ቀን 1942 ላውሪ ፔኩሪ የሚባል የስኳድሮኑ አብራሪ ተመትቶ ቁጥሩ 372 የሆነውን ብሩስተር ሐይቅ ላይ አሳረፈው። አውሮፕላኑ ሰመጠ፣ እሱ ዋኝቶ ወጣ፣ በጠላት መሬት በእግሩ ተጉዞ ወገኖቹ ጋር ደረሰ። በ1944 ደግሞ ተማርኮ እስር ቤት ገብቷል። ከጦርነቱ በኋላም መብረሩን ቀጠለ፤ በ1958 ናት በሚባል ጄት ከድምፅ ፍጥነት በላይ የበረረ የመጀመሪያው ፊንላንዳዊ ሆነ። አውሮፕላኑ በሩሲያ ሐይቅ ውስጥ 56 ዓመት ከቆየ በኋላ በ1998 ወጣ። ብዙ ተንከራትቶ ፔንሳኮላ የሚገኘው የአሜሪካ ባሕር ኃይል አቪዬሽን ሙዚየም ገባ። ከ2008 ጀምሮ በውሰት ፊንላንድ፣ ቲካኮስኪ ባለው የአቪዬሽን ሙዚየም ተቀምጧል። እንደ አዲስ አልተቀባም፤ ከሐይቁ በወጣበት መልኩ ነው የሚታየው።